የቀዘቀዘ እንጆሪ፣ ወይን ጠጅ እና አቼቶ

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በጅማ ከተማ ነው። በግቢያችን አጥር ላይ የሚያፈራ እንጆሪ አለን፤ ፍሬው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለማይደርስ ልጆቹ በየቀኑ አንድ አንድ ሲኒ ሲለቅሙልኝ እኔ በፌስታል እያደረግሁ በፍሪዘር አጠራቅመዋለሁ። ባለፈው ዓመት 3 ኪሎ ሲሞላልኝ ወይን ጠጅ ልሞክር ብዬ አቀለጥሁትና ከስኳርና ከዳቦ እርሾ ጋር በፕላስቲክ ባልዲ በጠበጥሁት፤ በንጹሕ ነጠላ ሸፍኜም ሁለት ወር ያህል አቆየሁት። በየሁለት በየሦስት ቀኑ እየከፈትሁ አማስለው ነበር። መጀመሪያ ላይ ሽታው ቤቱን ያውድ ነበር፤ በመጨረሻ ግን ሰላጣ ላይ ከምናፈሰው አቼቶ የማይለይ ሆኖ አገኘሁት። ዘንድሮ 4 ኪሎ አለኝ። ጎረቤቴ «የቀዘቀዘ ፍሬ የሞተ ነው፣ ለመጠጥ አይሆንም» ትለኛለች፤ አማቴ ደግሞ «ጌሾ ስላላደረግሽበት ነው የኮመጠጠው» ይላሉ። በዚህ ላይ ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ስላደረ አንደኛው ፌስታል ቀልጦ እንደገና ቀዝቅዟል። ምን ትመክሩኛላችሁ?
አንባቢያችሁ፣ ከጅማ

መልስ፦ ክብርት ጠያቂያችን፣ ፍሪዘሩን ከክሱ ነጻ እናውጣው፤ ወይን ጠጅዎን አቼቶ ያደረጉት ባልዲውና ነጠላው ናቸው።

ፍሬ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ይሆናል፤ የበረዶው ስለታም ቅንጣቶችም ጭማቂውን አፍኖ የያዘውን የፍሬውን ስስ ግድግዳ ይበጣጥሱታል። እርስዎም ሳያስተውሉት አልቀሩም፦ ከአጥሩ የተለቀመ እንጆሪ በመዳፍ ላይ ቅርጹን ይዞ ይቆያል፣ ከፍሪዘር ወጥቶ የቀለጠው ግን ማንም ሳይነካው ይላሽቅና በገዛ ጭማቂው ውስጥ ይተኛል። ለገበታ የሚቀርብ ፍሬ እንዲህ ቢሆን ያሳፍራል፤ ለወይን ጠጅ ግን የመጨፍለቁን ሥራ በረዶው ሠርቶልዎታል ማለት ነው፣ ቀለሙና መዓዛውም ከትኩሱ ይልቅ በቀላሉ ይወጣል። በፍሬው ቆዳ ላይ ከነበሩት እርሾዎች ከፊሉ በቅዝቃዜው መሞታቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን እርሾ የምንጨምረው እኛው ስለሆንን ጎረቤትዎ የፈሩት ነገር ጉዳት የለውም።

አሁን ወደ ባልዲው እንመለስ። ስኳርን ወደ አልኮል የሚለውጠው እርሾ ነው። አልኮልን ወደ አቼቶ የሚለውጡት ደግሞ ሌሎች ተሕዋስያን፣ ማለትም ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነርሱም ሥራቸውን የሚሠሩት አየር ሲያገኙ ብቻ ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ይህን ያስረዳው በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የወይን ጠጅ ሠሪዎች ትልቁ ጭንቀት ዕቃን ሞልቶ መክደን ሆኗል። የእርስዎ እንጆሪ እየፈላ ሳለ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከላይ ሆኖ አየሩን ይከላከልለት ነበር፤ ለዚህም ነው በመጀመሪያው ሰሞን ሽታው ያማረው። ፍላቱ ሲበርድ ግን መከላከያው ጠፋ፣ ነጠላውም አየር አስገባ፣ በየሁለት ቀኑ ሲያማስሉትም አየሩን ከነባክቴሪያው ወደ ውስጥ አወረዱት። በጭማቂ ዙሪያ የምትዞረው ትንሿ ዝንብም እነዚህን ባክቴሪያዎች በእግሯ ይዛ ትመጣለች።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ መገመት አያስቸግርም። ጠላ የጠመቀና ጠጅ የጣለ ሰው እጁ የለመደው ጋኑን ከፍቶ ማየት፣ ማማሰል፣ መቅመስ ነው፤ መጠጡ ከደረሰ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ስለሚጠጣም አቼቶ ለመሆን ጊዜ አያገኝም። ወይን ጠጅ ግን ወራት የሚጠብቅ መጠጥ ነው፤ በወራት ውስጥ ደግሞ ትንሽ ቀዳዳም ብዙ ያስገባል።

ለ4 ኪሎ እንጆሪ 6 ሊትር ውኃ ይበቃል፤ ከስኳሩ ጋር ተደምሮ በጠቅላላው 10 ሊትር ገደማ ይሆናል። በአንድ ሊትር ውስጥ ያለ 17 ግራም ስኳር 1 በመቶ ያህል አልኮል ይሰጣል። ሳይበላሽ የሚቆይ ወይን ጠጅ 11 በመቶ ገደማ እንዲሆን እንፈልጋለን፤ ስለዚህ 10 ሊትሩ 1,870 ግራም ስኳር ያስፈልገዋል። ከዚህ ውስጥ 200 ግራሙን ፍሬው ራሱ ስለሚያመጣ 1.7 ኪሎ ቢጨምሩ በቂ ነው። ባለፈው ዓመት ስኳሩን በዓይን መጥነው ከሆነ፣ ዘንድሮ ግን እባክዎ በሚዛን ያድርጉት። በነገራችን ላይ በአገራችን እንጆሪ የማይባል ፍሬ ጥቂት ነው፤ እሾሃማው የዱር ፍሬም፣ መሬት ላይ የሚያፈራው ቀዩም፣ ትልቁ ዛፍ የሚያወርደው ጥቁሩም በዚሁ ስም ይጠራሉ። የእርስዎ የዛፉ ከሆነ ከሌሎቹ ይጣፍጣልና ስኳሩን 200 ግራም ያህል ይቀንሱለት።

አሁን የምነግርዎትን ቅደም ተከተል ቢጠብቁ ደስ ይለኛል። ፍሬውን ሰፊ በሆነ የማይዝግ ብረት ድስት ውስጥ አድርገው በመጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ያቅልጡት፤ የወጣውንም ጭማቂ አያፍስሱ። ከዚያ ስኳሩን የሟሟበትን 6 ሊትር የፈላ ውኃ ይገልብጡበት። ፍሬው ገና በረዶ ሳለ ቢያፈሱበት ውኃው ሙቀቱን ሁሉ በረዶ በማቅለጥ ይጨርስና ለብ ብሎ ይቀራል፣ ምንም ተሕዋስያንም አይገድልም፤ ቀልጦ የቤቱን ሙቀት ከያዘ በኋላ ግን ድብልቁ 65 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፣ ይህም የዱር እርሾውንና የአቼቶውን ባክቴሪያ ለማዳከም ይበቃል። ከ1,700 ሜትር በላይ በሆነችው ጅማ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ መሆኑን አስቤ ነው ይህን ያልሁት። ፍሬውን እሳት ላይ ጥዶ ማፍላት ግን አያስፈልግም፤ ማርማላታን የሚያረጋው በፍሬው ውስጥ ያለ ፔክቲን የሚባል ነገር ወጥቶ መጠጡን ያደፈርሰዋል፣ ጣዕሙም የበሰለ ይሆናል። በጁስ መፍጫም አይፍጩት፤ ፍሬዎቹ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ዘሮች ከተሰበሩ ይመርራል። አሉሚኒየም ድስት ውስጥ ደግሞ አያሳድሩት፣ የፍሬው አሲድ ብረቱን ይነካዋልና።

እጅዎን ሲያስገቡበት ሙቀቱ የማይሰማዎት ደረጃ ላይ ሲደርስ ወደ ንጹሕ ባልዲ ያዛውሩት። አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ ለብ ባለ ውኃ ሩብ ሰዓት ያህል አርሰው ይጨምሩበት። የወይን ጠጅ እርሾ ከተገኘ ይመረጣል፤ የዳቦው እርሾም ይሠራል፣ ሆኖም አተላው ቶሎ አይዘቅጥም፣ አልኮሉ ከፍ ሲልም ቀድሞ ይደክማል። እንጆሪ ለእርሾ የሚሆን ምግብ ስለሚያንሰው ሌላ አንድ የሻይ ማንኪያ የዳቦ እርሾ በጥቂት ውኃ አፍልተው፣ የሞተውን እርሾ ለሕያው እርሾ ምግብ እንዲሆን ቢጨምሩለት ፍላቱ መንገድ ላይ አይቆምም። ባልዲው ከ15 ሊትር በላይ የሚይዝ ይሁን፣ አለበለዚያ አረፋው ወለሉን ያጥብልዎታል። ለአምስት ወይም ለስድስት ቀን በነጠላ ሸፍነው ጠዋትና ማታ በንጹሕ ማንኪያ ወደ ላይ የወጣውን ፍሬ ወደ ታች ይጫኑት። ነጠላና ማማሰል የሚፈቀዱት በእነዚህ ቀናት ብቻ ነው።

በስድስተኛው ቀን ፍሬውን በሻሽ አጥልለው ቀስ ብለው ጨምቀው ያውጡና ፈሳሹን ወደ ጠባብ አንገት ዕቃ ያስተላልፉ። አንድ ባለ 5 ሊትር ጠርሙስ እስከ አንገቱ ይሞላል፤ የቀረውን በግማሽ ባዶ በሆነ ሌላ ትልቅ ዕቃ ከመተው በትናንሽ ጠርሙሶች እስከ አፋቸው መሙላት ይሻላል። በየጠርሙሱ ክዳን ላይ ቀዳዳ አድርገው ከፋርማሲ የሚገዛ የግሉኮስ ቱቦ ያስገቡ፣ ዙሪያውን በሰም ይድፈኑት፤ ማር በሚቆረጥበት አገር እየኖሩ ሰም አይጠፋዎትም። የቱቦው ሌላኛው ጫፍ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ይግባ። ጋዙ በብርጭቆው ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል፣ አየር ግን አይመለስም። ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ አተላውን ሳይነኩ በሌላ ቱቦ ስበው ወደ ንጹሕ ዕቃ ያዛውሩት፤ ከሁለት ወር በኋላ ይህንኑ ይድገሙት። ቀለሙ በብርሃን ስለሚደበዝዝ ጨለማ ቦታ ይቀመጥ።

ጠርሙስ ውስጥ ለማሸግ መቸኮል ከመኮምጠጥ የከፋ አደጋ አለው፤ ስኳር የቀረበት መጠጥ በታሸገበት መፍላቱን ይቀጥልና ጠርሙሱን ያፈነዳዋል። ለሁለት ሳምንት አንዲት ቡልቅታ ካልታየች፣ ሲቀመስም ምንም ጣፋጭነት ከሌለው ያሽጉት። ጣፋጭ የሚወድ እንግዳ ቢመጣ ማሩን በብርጭቆው ውስጥ ጠብ ያድርጉለት እንጂ በጠርሙሱ ውስጥ አይጨምሩ።

ስለ ጌሾ፣ አማትዎ መሠረት የሌለው ነገር አልተናገሩም። ጌሾ ለጠጅና ለጠላ ምሬት ከመስጠቱ ሌላ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ይገታል። ነገር ግን አየር የሚያገኝ ባልዲን ጌሾ ብቻውን አያድነውም፣ የእንጆሪውንም ስስ መዓዛ ይውጠዋል። እኔ ብሆን አንዱን ሊትር ለይቼ ጥቂት የጌሾ እንጨት እጨምርበትና አማቴን አስቀምሳቸው ነበር።

መብራት ጠፍቶበት የቀለጠውን ፌስታል ለብቻው አቅልጠው ያሽትቱት። ቅዝቃዜ ተሕዋስያንን ያስተኛል እንጂ ሁሉንም አይገድልም፤ ሲቀልጥም ከእንቅልፋቸው ይነሣሉ። የእንጆሪ ሽታ ብቻ ካለው ከሌላው ጋር ይቀላቀል። የአቼቶ ወይም የሻጋታ ሽታ ካለው ግን ይጣል፤ የሻገተ ፍሬ በፈላ ውኃ አይድንም፣ አንዱ ፌስታልም ሦስቱን ያበላሻል።

ጥያቄ፦ በቤት ውስጥ የተሠራ የፍራፍሬ ወይን ጠጅ ዓይን ያጠፋል ብሎ ባለቤቴ ከለከለኝ። እውነት ነው?
ከአጋሮ

መልስ፦ ባለቤትዎ የሰሙት ስለ ሜታኖል ነው። ቀደም ሲል ያነሣነው ፔክቲን ሲብላላ ጥቂት ሜታኖል ይወጣል፤ በወይን ጠጅ ውስጥ ያለው መጠን ግን እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ዓይን አያጠፋም። ዓይን ያጠፉና ሕይወት የቀጠፉ መጠጦች በአብዛኛው የኢንዱስትሪ አልኮል የተቀላቀለባቸው ናቸው። እርስዎ ግን ወይን ጠጁ ቢከሽፍብዎ አረቄ አወጣበታለሁ ብለው እሳት ላይ እንዳይጥዱት፤ ተበታትኖ የነበረው ሜታኖል በሚንጠባጠበው አረቄ ውስጥ ሊከማች ይችላል፣ የአልኮሉም እንፋሎት በቤት ውስጥ እሳት ይይዛል። ወደ አቼቶነት የተለወጠ ከሆነ አጥልለው በጠርሙስ ያስቀምጡትና ለሰላጣ ይጠቀሙበት።