የታዘዘውን ክሬም አትጣይው፤ ከቀኑም አታሳልፊው

እህቴ፣ የጻፍሽው ሁሉ የእኔን ቤት ነው። የሦስት ዓመት ልጅሽ የክርኗና የጉልበቷ እጥፋት ላይ ችፌ ወጥቶባታል፤ አክካው ቢጫ ቅርፊት ይዟል፤ ሐኪሙ ፉሲዲክ አሲድና ቤታሜታዞን የተቀላቀሉበትን ክሬም ለአንድ ሳምንት አዝዞላታል፤ ጎረቤትሽ ደግሞ «ስቴሮይድ ነው፣ የልጅ ቆዳ ይበላል» ብላ አስፈራርታሻለች። ልቀጥል ወይስ ልተወው ብለሽ ጠይቀሻል። የእኔም ልጅ በዚያው ዕድሜ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ክሬም ታክማለች። ሐኪም አይደለሁም፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ነገር ግን የማላነበው ወረቀት የለም፤ ልጄንም ያዳናት ይኸው ዐመሌ ነው።

ቀጥዪ። ጎረቤትሽ ከመሬት ተነሥታ አልተናገረችም፤ ስቴሮይድ ለወራት ሲቀባ፣ ወይም ያለቦታው ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል፣ ደም ሥር ያወጣል። በተባለው ቦታ ለተባለው ቀን ብቻ የተቀባ ግን እንዲህ አያደርግም። ሐኪሙ ሁለቱን አብሮ ያዘዘው ሁለት ችግር ስላየ ነው፦ ፉሲዲክ አሲዱ ቢጫውን ቅርፊት ያመጣውን ባክቴሪያ፣ ቤታሜታዞኑ (ስቴሮይዱ እሱ ነው) ደግሞ የችፌውን ቁጣና ማሳከክ ይይዛል። በፍርሃት ብትተዪው ልጅቱ ታክካለች፤ ስታክክ ይቆስላል፤ ሲቆስል ባክቴሪያው ይገባል።

አንደኛ፣ መጠኑ። «በስሱ ቀቢ» ብለው ይሸኙሻል፤ ስስ ማለት ምን ያህል እንደሆነ ግን የሚነግር የለም። ከአዋቂ ሰው ሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ የወጣ ክሬም ግማሽ ግራም ያህል ይሆናል፤ ሁለት የአዋቂ መዳፍ ከነጣቶቹ የሚያክል ቆዳ ይሸፍናል። የልጅሽን ቁስል በመዳፍሽ ለኪውና ከዚያ ተነሺ። በታመመው ቦታ ላይ ብቻ ይቀባ፤ «ሌላውም እንዳይያዝ» ተብሎ ጤነኛው ቆዳ ላይ አይቀባም። ቀብተሽ ስትጨርሺ እጅሽን ታጠቢ።

ሁለተኛ፣ ቫዝሊኑ። ደረቅ ቆዳዋን በየቀኑ ማለስለሱ አይቋረጥም፤ ነገር ግን ከመድኃኒቱ ጋር አንድ ላይ አትለውሺው። በሁለቱ መካከል ግማሽ ሰዓት ያህል ይለፍ፤ አለዚያ መድኃኒቱ ይቀጥናል፣ ወደ ጤነኛው ቆዳም ይንሸራተታል። የቀባሽውን ቦታ ሐኪም ሳያዝዝ በፋሻም ሆነ በፕላስቲክ አትሸፍኝ፤ ሲታፈን ወደ ሰውነት የሚገባው ስቴሮይድ ይጨምራል። ዳይፐርም ያው ማፈኛ ነው።

ሦስተኛ፣ የምትገዥውን ነገር አንብቢ። እዚህ ላይ ታገሺኝ፤ ሆዴ እስከ ዛሬ አልበረደም።

ለልጄ የታዘዘው 2 በመቶ ፉሲዲክ አሲድና 0.1 በመቶ ቤታሜታዞን ነበር። ሰፈራችን ካሉት መድኃኒት ቤቶች «የለም» ሲሉኝ ወደ አንድ ትልቅ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ነጭ ጋዋን የለበሰው ወጣት ማዘዣውን ከስልኩ ላይ ዐይኑን ሳያነሣ አየና ሌላ ክሬም ዘረጋልኝ። «ያው ነው» አለኝ። ከከፈልኩ በኋላ ማሸጊያውን ገልብጬ ሳነብ ክሎቤታሶል (ሌላ ስቴሮይድ) 0.05 በመቶ፣ ኒዮማይሲን (አንቲባዮቲክ)፣ ሚኮናዞል (የፈንገስ መድኃኒት) ይላል። ከታዘዘው አንድ እንኳን የለበትም! ይህንኑ ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እንዲያውም ይኸኛው ግማሽ ነው፤ ለልጅ ይሻላል። 0.1 ይበልጣል ወይስ 0.05?» ይህን የሚጠይቀኝ ዕድሜዬን በሙሉ በቁጥር እንጀራ የበላሁትን ሰውዬ ነው። ሰልፉ ላይ የቆሙት ሳቁ።

ቁጥሩ ግማሽ መሆኑ እውነት ነው። የስቴሮይድ ብርታት ግን በመቶኛው አይለካም፤ ሃምሳ ዶላር ከመቶ ብር ያንሳል እንደማለት ነው። 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲሶን ቁጥሩ ከሁለቱም የሚበልጥ፣ ጉልበቱ ከሁለቱም የደከመ ነው። 0.1 በመቶ ቤታሜታዞን ብርቱ ከሚባሉት ይመደባል። 0.05 በመቶ ክሎቤታሶል ደግሞ እጅግ ብርቱ ከሚባሉት ነው፤ ለሕፃን ገላ ሐኪም ሳያዝዘው የሚነካ አይደለም። ኒዮማይሲኑም ለብቻው አንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ ያስነሣል፤ ያን ጊዜ ችፌው ተባብሶ ይሁን ክሬሙ አስቆጥቶት መለየት ይቸግራል።

«ሐኪም ነህ?» አለኝ። የአባቱ እኩያ ነኝ፤ «አንተ» አለኝ። ሐኪሟ ጋ እዚያው ቆሜ ደወልኩ፤ «እንዳትቀቡት፣ ያዘዝኩትን ፈልጉ» አሉኝ። ስልኩን ላቀብለው ብሞክር አልቀበልም አለ። ገንዘቤን መልስ ስለው ግድግዳው ላይ «የተሸጠ መድኃኒት አይመለስም» የሚለውን ጽሑፍ በጣቱ አሳየኝ። ደንቡን አልቃወምም፤ ሌላ ሰው ቤት ያደረ መድኃኒት ተመልሶ ለሕመምተኛ መሸጥ የለበትም። ነገር ግን ያን መድኃኒት ከመስኮቱ እንኳን አላራቅኩትም፤ ያልታዘዘውንም የሰጠኝ እሱ ነው። የታዘዘውን በመጨረሻ ከነማ መድኃኒት ቤት አገኘሁት፤ እዚያ ያገኘኋት ባለሙያ የመቀቢያውን ቀን በእስክርቢቶ ካርቶኑ ላይ ጽፋ ሰጠችኝ። እንዲህ ያለም ሰው አለ።

አንቺም ስትገዥ የንግድ ስሙን ተዪውና ከሥሩ በትንንሽ ፊደል የተጻፉትን የመድኃኒቶቹን ስሞች ከማዘዣው ጋር አስተያዪ። የማይመሳሰል ከሆነ ገንዘብ ሳትከፍዪ ለሐኪሙ ደውዪ። የሚያመናጭቅሽ ካለ ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 መደወል እንደምትችዪ ንገሪው፤ ድምፁ ወዲያው ይለሰልሳል።

ያ ያልተመለሰልኝ ክሬም ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። ለአቤቱታ ማስረጃ ይሆናል ብዬ ከነደረሰኙ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጬው ነበር። የባለቤቴ እህት አንገቷ ላይ ክብ ጭርት ወጥቶባት ስለነበር ጽሑፉን አነበበችና «የፈንገስ መድኃኒት አለበት» ብላ ሳትነግረን ወሰደችው። ማሳከኩ በቀናት ውስጥ ጠፋ፤ ቅላቱም ረገበ፤ እሷም ደስ ብሏት ሰውን ሁሉ ትመክር ጀመር። ስታቆም ተመልሶ ይመጣል፤ ስትቀባ ይተኛል። በዚህ ሁኔታ ወራት አለፉ። ጭርቱ ክብነቱን አጥቶ ጭርት የማይመስል ነገር ሆኖ ደረቷ ላይ ወረደ። ያዩዋት ሁሉ ችፌ ነው፣ አለርጂ ነው እያሉ ተለያዩ። በመጨረሻ ዘነበወርቅ አለርት ሆስፒታል ቆዳዋን ፋቅ አድርገው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ፈንገሱ ተገኘ፤ የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት ወሰደች። ሐኪሟ እንዳስረዷት፣ ስቴሮይዱ የሚያጠፋው ቆዳው ፈንገሱን ሲዋጋ የሚያሳየውን ቁጣ ነው፤ ፈንገሱ ከሥር የሚቃወመው ሲያጣ ይስፋፋል። ስለዚህ ከልጅሽ የሚተርፈውን ክሬም የምትሰጪው ዘመድ አይኑር፤ ጭርት፣ ቋቁቻ፣ ብጉር፣ ማድያት ቢልሽም አትስጪው። ማዘዣው የሷ ብቻ ነው።

ቁጥሩን የት እንዳደረስኩት ጠፍቶኛል፤ አራተኛ ይሁን። ችፌውን ፊቷ ላይ ብታዪ እንኳን ሳትጠይቂ ወደዚያ አትሻገሪ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 በሃይድሮኮርቲሶን የተሠራ የታወቀ ልኬት አለ፤ የክንድ ውስጠኛ ቆዳ ከመድኃኒቱ 1 እጅ ቢያስገባ ግንባር 6 እጅ፣ የመንጋጋ ጥግ 13 እጅ ያስገባል። ክንዷ ላይ ልክ የሆነው ክሬም ፊቷ ላይ ልክ የማይሆነው ለዚህ ነው። ዐይን አካባቢ ደግሞ ፈጽሞ፤ ለግላኮማና ለዐይን ሞራ ሊዳርግ ይችላል።

ሌላው ምች ነው። ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው ልጅሽን አይሳማት፤ አያትም ብትሆን፣ ክርስትና እናትም ብትሆን። በእኛ አገር «አትሳሟት» ማለት ስድብ እንደሚመስል ዐውቃለሁ፤ እኔ ብያለሁ፤ ተኮርፌያለሁም። የምች ቫይረስ ችፌ ያለበት ቆዳ ላይ ካረፈ በፍጥነት ይዛመታል። ውኃ የቋጠሩ ወይም ተበስተው የወጡ የሚመስሉ የሚያሙ ትንንሽ ቁስሎች በአንድ ጊዜ ከወጡባት፣ ትኩሳትም ካላት፣ ክሬሙን መቀባቱን ትተሽ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል ውሰጃት። ዳማከሴ እየቀጠቀጥሽ የምትጠብቂው ነገር አይደለም። አልማዝ ባለጭራና ጉድፍም እንደዚሁ የቫይረስ ስለሆኑ ይህ ክሬም አይነካቸውም።

ሲሻላት ቦታው ከሌላው ገላዋ ነጣ ብሎ ብታዪው አትደንግጪ። እናቴ «ለምጽ ነው» ብለው ጠበል ሊወስዷት ተነሥተው ነበር። እንደኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ ችፌ ሲድን ብዙ ጊዜ ነጣ ያለ ወይም የጠቆረ ምልክት ትቶ ይሄዳል፤ በወራት ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል። በብርቱ ስቴሮይድ ብዛት የሚመጣ መንጣትም ስላለ ለሐኪሙ አሳዪው፤ እስኪመለስ ብለሽ ግን ክሬሙን አትጨምሪበት። ቅላት መፈለግም አይጠቅምሽም፤ እኛ ቆዳ ላይ ቁጣው ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ ሆኖ ስለሚታይ በእጅሽ ዳብሺው፤ ሻካራነቱና ሙቀቱ ከቀለሙ ይልቅ ይናገራል።

ቀኑ ሲያልቅ አቁሚ። በሁለትና በሦስት ቀን ለስልሶ ብታዪውም ከሳምንቱ በፊት አትተዪው፤ ትንሽ ቀረ ብለሽም አታስረዝሚው። ይህን ድብልቅ ለአዋቂም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከሁለት ሳምንት በላይ መቀባት አይመከርም። ባክቴሪያው ሲላመድ ፉሲዲክ አሲዱ በሚያስፈልግሽ ቀን አይሠራም፤ ስለዚህ ቁስሉ ደርቆ ችፌው ብቻ ቢቀር ሐኪሙ አንቲባዮቲክ የሌለበት ሌላ ቅባት ያዝዝልሻል፤ አሮጌውን አውጥተሽ እንድትቀቢ አይደለም። አንቺ ገና ሳምንት ነሽና በአንድ ጊዜ ማቆሙ አያስፈራሽም። ብርቱ ስቴሮይድ ለወራት ሲቀቡ የቆዩ ሰዎች ግን ድንገት ሲያቆሙ ቆዳቸው እንደ እሳት ሊቃጠል ስለሚችል በሐኪም ምክር ይተዉታል፤ ይህን የጻፍኩት ጥያቄሽ ሥር «እኔ ለዓመት ተቀብቼው ምንም አልሆንኩም» ላሉት እህት ነው።

በሦስት በአራት ቀን ምንም ለውጥ ካላየሽ፣ መግል ከበዛ፣ እብጠቱ ከሰፋ ወይም ካተኮሳት ሳምንቱ እስኪያልቅ አትጠብቂ። ስትሄጂ ማዘዣውንም ክሬሙንም ይዘሽ ሂጂ። አሁን ግን የገዛሽውን ገልብጠሽ ከበስተጀርባው ያሉትን ስሞች እዚህ ጻፊልኝ፤ ክሎቤታሶል የሚል ካለበት ዛሬ ማታ እንዳትቀቢያት፣ ነገ ጠዋት ለሐኪሟ ደውዪ።