ሁለት አሮጌ ኮምፒውተር ይበቃሻል

ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። በኮምፒውተር ሳይንስ ለመመረቅ አንድ ሴሚስተር ቀርቶሻል። አኒሜሽን ትወጃለሽ፤ የሥዕል ተሰጥዖ ግን የለኝም ብለሻል። ሬንደር ፋርም፣ ማለትም የአኒሜሽን ምስሎችን ተካፍለው የሚያወጡ ኮምፒውተሮችን፣ የሚያስተዳድሩ ኦፕን ሶርስ (ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ) ሶፍትዌሮች እንዳሉ ስትሰሚ በዚያ በር ልትገቢ አሰብሽ። ከየትኛው ልጀምር፣ ቤት ባሉኝ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች መለማመድ ይቻላል ወይ፣ ሲቪዬ ላይስ ምን ብዬ ልጻፍ ብለሽ ጠይቀሽኛል።

መጀመሪያ ጓደኛሽ ስላለሽ ነገር። «ሶፍትዌሩን ማንም መመሪያ እያየ በአንድ ቀን ይጭነዋል፤ ለዚህ ብሎ ማን ይቀጥርሻል?» አለሽ። ስለ መጫኑ ከሆነ እውነቱን ነው። ለመጫን ብቻ የሚቀጥር የለም። ስቱዲዮዎች የሚፈልጉት ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ሥራ ጠዋት ተበላሽቶ ሲገኝ፣ የትኛው ማሽን በየትኛው ፍሬም (የአኒሜሽኑ አንድ ምስል) ላይ ለምን እንደወደቀ ፈልጎ የሚያገኝ ሰው ነው። እሱ ደግሞ መመሪያ በማንበብ አይገኝም፤ እያበላሹና እየጠገኑ ነው የሚማሩት።

ሒሳቡን እዪው። በሰከንድ 24 ፍሬም የሚሄድ የአንድ ደቂቃ አኒሜሽን 1,440 ምስል ነው። አንዱ ምስል 10 ደቂቃ ቢፈጅ፣ አንድ ኮምፒውተር ቀንና ሌሊት ሳያርፍ 10 ቀን ይሠራል። እኩል አቅም ያላቸው 10 ኮምፒውተሮች ቢካፈሉት በአንድ ቀን ያልቃል። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ፍሬም ሌላውን ስለማይጠብቅ ማካፈሉ ቀላል ነው። የሚከብደው ሁሉም ማሽኖች አንዱን ፋይል ያለ ስህተት እንዲያገኙት ማድረጉ ነው፤ ይህ ችግር ደግሞ የሚጀምረው ገና ከሁለተኛው ኮምፒውተር ነው። ስለዚህ ያሉሽ ይበቁሻል። አንዱ ላይ ሊኑክስ፣ ሌላው ላይ ዊንዶውስ ብትጭኚ እንዲያውም ይሻላል፤ ያው የጋራ ፎልደር በሁለቱ ላይ በተለያየ አድራሻ ሲጠራ በዓይንሽ ታዪዋለሽ።

ከፍላሜንኮ ጀምሪ። የብሌንደር (አኒሜሽን የሚሠራበት ነፃ ፕሮግራም ነው) ስቱዲዮ ሰዎች የሚሠሩት ሲሆን ለትንሽ ቡድን፣ እስከ 100 ለሚደርሱ ኮምፒውተሮች የታሰበ ነው። ሥራ የሚያከፋፍል ማናጀርና ፍሬሞቹን የሚያወጣ ወርከር የሚባሉ ክፍሎች አሉት። ማናጀሩን አንዱ ማሽን ላይ ታስነሺና በብራውዘር ገብተሽ የጋራ ፎልደሩ የት እንዳለ፣ ብሌንደር የት እንደተጫነ ትነግሪዋለሽ፤ ወርከሩን ሁለቱም ላይ ታስነሺያለሽ። በአንድ ኔትወርክ ላይ ከሆኑ ወርከሩ ብዙውን ጊዜ ማናጀሩን ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። ሁለቱም ላይ ያለው የብሌንደር ቨርዥን አንድ ይሁን። ስሙ ስለገነነ ኦፕንኪው ከሚባለው ሌላ የፋርም ማስተዳደሪያ የሚጀምሩ አሉ፤ እኔ ግን አልመክርም። ዳታቤዝና ኮንቴይነር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር አሽጎ የሚያስነሣ) ሲያስተካክሉ ሳምንት ያልፍና አንድ ፍሬም እንኳ ሳያወጡ ተስፋ ይቆርጣሉ።

የመጀመሪያው ሥራ በሰላም ካለቀልሽ በኋላ ሆን ብለሽ አበላሺው። አንድ ቴክስቸር (ዕቃው ላይ እንደ ልብስ የሚለጠፍ ምስል) ከጋራው ፎልደር አውጪና በአንደኛው ኮምፒውተር ዴስክቶፕ ላይ ብቻ አስቀምጪ፤ ፋይሉም ከዚያ እንዲያነበው አድርገሽ ሥራውን ላኪ። ዝርዝሩ ላይ ሁሉም ፍሬም ተጠናቋል ይልሻል። ምስሎቹን ስትከፍቺ ግን ሌላኛው ማሽን ያወጣቸው ላይ ዕቃው ደማቅ ሮዝ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ብሌንደር ቴክስቸሩን ሲያጣ በሮዝ ቀለም ተክቶ ሥራውን ይጨርሳል፤ ፋርሙን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ደግሞ የሚያየው ፕሮግራሙ ያለ ስህተት መዘጋቱን ነው፣ ምስሉን አያይም። ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት እንዲህ ያለ ፋርም እከታተል ነበር፤ አንድ ጠዋት ሌሊቱን ሙሉ የተለፋበትን ሥራ ሮዝ ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ «ተጠናቋል» የሚለውን ቃል ምስል ከፍቼ ሳላይ አላምንም። አንቺም ይህን ልማድ ከአሁኑ ያዢ።

ቀጥለሽ የጨርቅ ሲሙሌሽን ያለበት ትዕይንት፣ ስሌቱን አስቀድመሽ ፋይል ላይ ሳታስቀምጪ ላኪ። የጨርቁ አቀማመጥ በየፍሬሙ የሚሰላው ከበፊቱ ፍሬም ተነሥቶ ነው፤ ከመሀል የጀመረው ማሽን መነሻ ስለሌለው ሁለቱ ያወጡት አይገጥምም፣ ጨርቁም ይዘላል። ሥራው መሀል ላይ ሳለ የአንዱን የኔትወርክ ገመድ ንቀዪ። የሊኑክሱን የፎልደር ፈቃድ ቀይሪ። በእያንዳንዱ ጊዜ ምን እንዳየሽ፣ መጀመሪያ ምን እንደጠረጠርሽ፣ በኋላ ምን ሆኖ እንደተገኘ፣ ሎጉ (ፕሮግራሙ የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል) ላይ የትኛው መስመር እንደነገረሽ ጻፊ። የተሳሳተውን ጥርጣሬሽን አትሰርዢው፤ ቀጣሪ ከሁሉ በላይ የሚያነበው እሱን ነው።

ከዚያ ወደ ኦፕንኪው እለፊ። ሶኒ ፒክቸርስ ኢሜጅወርክስ ለራሱ ሥራ ከሚጠቀምበት ሥርዓት ተነሥቶ፣ ከጉግል ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2019 ለሕዝብ የተከፈተ ነው። ኪውቦት ሥራ የሚያከፋፍለው ሰርቨር ነው፤ መረጃውን በፖስትግሬስኪውኤል ዳታቤዝ ይይዛል። አርኪውዲ በየማሽኑ ተቀምጦ ትእዛዝ ይፈጽማል፣ ኪውጂዩአይ ደግሞ ሰው የሚከታተልበት መስኮት ነው። ዶከር በሚባል የኮንቴይነር ፕሮግራም የሚነሣ መለማመጃ ስላለው ሙሉውን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ማየት ይቻላል። እዚህ የሚጨመርልሽ ትምህርት የሰው ጉዳይ ነው፤ ሁለት ፊልሞች አንድ ፋርም ሲካፈሉ ለማን ስንት ኮር (የፕሮሰሰር ክፍል) ይደርሰዋል፣ የማን ሥራ ይቀድማል? ፍሬምን «መብላት» የሚባል ትእዛዝም አለ፤ አልሳካ ያለ ፍሬም እንዳለቀ ተቆጥሮ የቀረው ይቀጥላል። በእውነተኛ ሥራ ላይ አርቲስቱን ሳትጠይቂ አንዲት ፍሬም እንዳትበዪ።

ሲቪሽ ላይ «ኦፕንኪው እችላለሁ» ብለሽ አትጻፊ። «ሊኑክስና ዊንዶውስ የተቀላቀሉበት ባለ ሁለት ማሽን ሬንደር ፋርም አቋቁሜ፣ የደረሱበትን ብልሽቶች ከነምክንያታቸውና ከነመፍትሔያቸው መዝግቤአለሁ» በዪና ማስታወሻውን ኮድ በሚቀመጥበት ድረ ገጽ በጊትሀብ ላይ አኑሪው። አንድ አጭር የፓይተን ፕሮግራም ጨምሪበት፤ ከፍሬም 1 እስከ 1,440 የጎደለ ካለ፣ ወይም መጠኑ ከጎረቤቶቹ በጣም ያነሰ ፋይል ካለ ለይታ የምትነግር።

በዚህ ሙያ የሚወጣ ማስታወቂያ ብዙ አይደለም፤ ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም። «ሬንደር ራንግለር» የሚባለው ፋርሙን የሚከታተለው ሠራተኛ ነው፤ የሌሊት ፈረቃ ሊኖረው ቢችልም ለጀማሪ የሚሻለው መግቢያ እሱ ነው። «ፓይፕላይን ቲዲ» የሚለው፣ የስቱዲዮውን ሥራዎች የሚያያይዙ ፕሮግራሞችን የሚጽፈው፣ ጠንካራ ፓይተን ይጠይቃል፣ ለሱ ቆዪ። ከፊልም ውጭም ተመልከቺ። ብዙ የምርምር ተቋማት ትልልቅ ስሌት የሚሠሩ ኮምፒውተሮቻቸውን ስለርም በሚባል ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ያስተዳድራሉ፤ ወረፋው፣ ቅድሚያው፣ የወደቀውን ሥራ ሎግ ማንበቡ ያው ነው።

የመመረቂያ ፕሮጀክትሽን ርዕስ ገና ካላስመዘገብሽ ይህንኑ አድርጊው። ካስመዘገብሽም ያቺ የጎደለ ፍሬም የምትፈልገው ፕሮግራም በሁለት ቅዳሜ ታልቃለች፤ ከሷ ጀምሪ።