ቢአይኤም ሥራ ያቀላጥፋል ወይ? ሁለት ሕንፃ ላይ ያየሁት

ሰላም እህቴ። «ድርጅታችን የቢአይኤም ሶፍትዌር ሊገዛ ነው፤ እውነት ጊዜና ገንዘብ ይቆጥባል ወይስ ለጨረታ ማሳመሪያ ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ቢአይኤም ማለት የሁሉንም ሙያ ሥራ ኮምፒውተር ላይ በአንድ ባለ ሦስት ገጽታ የሕንፃ ሞዴል አዋህዶ መንደፍ ነው። ሁለት ሕንፃ ላይ ሠርቻለሁ፤ አንዱን ያለሱ፣ ሌላውን በሱ። ያየሁትን ልንገርሽ። ሳይት ላይ ቢም የምንለው ሌላ፣ ወለሉን የሚሸከመው አግድም የአርማታ ተሸካሚ ስለሆነ፣ እንዳንደናገር ቢአይኤም እያልኩ እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ባለ 9 ፎቅ ነው። አርክቴክቱ፣ ስትራክቸሩ (የተሸካሚ አካሉ መሐንዲስ)፣ ሳኒተሪው (የውሃና ፍሳሽ መሐንዲሱ) ሁሉም የየራሱን የኦቶካድ፣ ማለትም ጠፍጣፋ የኮምፒውተር ሥዕል ይዞ መጣ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አርማታ ሞልተን ፎርምወርኩን (አርማታው የተሞላበትን ቅርጽ) ከፈታን በኋላ የቧንቧ ሠራተኞች ገቡ። መስመሩ ቢሙን ሰንጥቆ ያልፋል! ቀዳዳ የተወለት የለም። ተቆጣጣሪው መሐንዲስ «ቢም አይበሳም» አለ፤ ልክ ነበር። መስመሩ እንደ አዲስ እስኪነደፍና የደረደርነውን ብሎኬት እስክናፈርስ ሦስት ሳምንት ሄደ። የፎርማኑ ፊት እስካሁን ትዝ ይለኛል። እሱ የተሰጠውን ሥዕል ነው የሠራው።

ሁለተኛው ሁለት ቤዝመንት ያለው ሕንፃ ነው። የሁሉንም ሙያ ሥራ ሬቪት በሚባለው የቢአይኤም ሶፍትዌር ሞዴል አድርገን፣ ሞዴሎቹን በሚያገጣጥመው ናቪስወርክስ ላይ አንድ ላይ ከፈትነው። መኪና ማቆሚያው ከቢም ሥር 2.40 ሜትር ክፍት ነበረው። በወረቀት ሲታይ በቂ ነው። ግን የግራውንዱ ሽንት ቤቶች ፍሳሽ በዚያ ጣሪያ ሥር 20 ሜትር ይሄዳል። ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ነው፤ በ1 በመቶ ተዳፋት መጨረሻው ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። እዚያው ላይ 40 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው የአየር ዳክት (አየር ማስተላለፊያ ቱቦ) በሥሩ ያቋርጣል። የቀረው 1.69 ሜትር! ከፍ ያለ መኪና አይገባም፤ ረዘም ያለ ሰውም ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው። በፕላን ላይ ቧንቧ አንድ መስመር ስለሆነ ቁልቁል መውረዱ አይታይም። ፍሳሹን ለሁለት ከፍለን በየቅርቡ ኮሎን (ምሰሶ) ጎን አወረድነው፤ ዳክቱንም ከቧንቧው መንገድ አውጥተን ሰፋ አድርገን ቁመቱን ወደ 25 አወረድነው። ዝቅተኛው ቦታ 2.15 ሆነ። ሦስት ቀን ፈጀ፤ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ አልባከነም።

የመጠን ስሌትም ይቀላል። የአርማታው ሜትር ኩብ ከሞዴሉ ስለሚወጣ ከኮንሰልታንቱ ጋር በክፍያ ሰርተፍኬት ላይ የነበረው ክርክር ቀነሰ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ዋጋ ስለሚለዋወጥ ስንት ፌሮ እንደሚያስፈልግ ቀድሞ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ግን ቁጥሩን ዝም ብለሽ አትመኚው። ሶሌታና ኮሎን የሚገናኙበት በትክክል ካልተያያዘ አርማታው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። አንድ ፎቅ በእጅ ቴክኦፍ ሠርተሽ፣ ማለትም መጠኑን ከሥዕሉ ራስሽ ለክተሽ አስተያዪ።

የማይጠቅምበትም አለ። ዲዛይኑ አልቆ፣ ግንባታው ተጀምሮ፣ ለማሳያ ብቻ ሞዴል የሚሠራ ከሆነ ገንዘባችሁን ቆጥቡ። ባለቤቱ በየሳምንቱ ሐሳቡን የሚቀይር ከሆነም ሞዴሉ ለውጡ ምን እንደሚነካ ያሳያል እንጂ ለውጡን አያስቆምም። እንግሊዝ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማዕከላዊ መንግሥት ፕሮጀክቶቿ ላይ ግዴታ አድርጋዋለች። እኛ ጋ ግን ኮንትራቱ ላይ ካልተጻፈ ሳኒተሪው ሞዴል እንዲሰጥሽ የሚያስገድደው ነገር የለም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ጨርሱ፤ ማን ምን፣ መቼ እንደሚያስረክብ በጽሑፍ ይግባ።

ለመጀመሪያ ሙሉ ሕንፃ አትሞክሩ። ቤዝመንቱንና አንድ መደበኛ ፎቅ በቂ ነው። ሁሉም ሙያ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ስክሪን ፊት ይቀመጥ፤ ፎርማኑም ይጠራ። የእኛው ፎርማን ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም ነበር። ሁለተኛው ስብሰባ ላይ በጣቱ እያሳየ «እዚህ ጋ እጄ ቁልፍ ይዞ አይገባም፣ ቫልቩን ወደዚህ አምጡት» አለን። አመጣነው።