እስቲ ገልብጡት፦ የጥንት ልብስ ለምትሰፉ ጥያቄና መልስ

የካቲት ሲቃረብ የስልኬ ነገር አይጣል ነው። ጅማ ውስጥ ካባ የማይሰፋ ሰው የቀረ አይመስልም። ሰፍተው የጨረሱትን ፎቶ አንስተው የሚልኩልኝም ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ታዲያ ከፊት ነው የሚያነሱት። እኔ ደግሞ መጥፎ ልማድ አለብኝ፣ ልብስ ሳገኝ መጀመሪያ የማየው ገልብጬ ውስጡን ነው። የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ረዘም ያሉትን አሳጥሬያቸዋለሁ።

«የ7ኛ ክፍል መምህር ነኝ። ለዓድዋ በዓል 24 ልጆች አልብሼ ትርዒት ላቀርብ ነው። ለሁሉም ለምድና ጎፈር ላሰፋ ብዬ ዋጋ ስጠይቅ ደነገጥኩ። ምን ይሻለኛል?»

መምህር፣ አያሰፉ። ለገንዘቡ ብዬ ብቻ አይደለም። ለምድ የማዕረግና የጀግንነት ልብስ ነበር። ንጉሥ ወይም መኳንንት ለሚገባው ሰው የሚሸልሙት እንጂ ሁሉም ከቤቱ ለብሶት የሚወጣ አልነበረም። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ የዘመተው አብዛኛው ሰው ሸማውን አደግድጎ በባዶ እግሩ ነው የተጓዘው። 24ቱም ጎፈር ካጠለቁ ትርዒቱ ላይ ወታደር የለም፣ አለቃ ብቻ ነው ያለው! ለሁለት ልጆች ለምድ፣ ለሦስት ለአራቱ ጃኖ፣ ለቀሩት ነጭ በነጭ ያድርጉላቸው፤ ያምራል።

ለነጩ አቡጀዲ ይበቃል። ግን ሂርማታ መርካቶ ሄደው ሲገዙ ፖሊስተር የተቀላቀለበትን እንዳይሰጥዎት። እሱ መድረክ ላይ ያብለጨልጫል፣ ደግሞም ገና እ.ኤ.አ. በ1941 የመጣ ነገር ነው። ከጫፉ አንድ ክር መዘው ክብሪት ይለኩሱበት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ፍሬ ሆኖ ይቀራል። ሻጩ ፊት ባያደርጉት ይሻላል። ሌላው፣ ሳይቀደድ በፊት ይታጠብ። አዲስ አቡጀዲ ድርቅ ያለ ነው፣ አንድ ሁለቴ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ይለሰልሳል፣ የሚያጥረውንም ያጥራል። ሰፍተው ካለቁ በኋላ ቢያጥር የ24 ልጅ እናት ነው የሚቆጣዎት።

«ሁሉም የቤተ መንግሥት ካባ ይሰፋል። እኔ የጅሬን ልጅ ነኝ፣ የአባ ጅፋርን ዘመን ነው መስፋት የምፈልገው። ከየት ልጀምር?»

ጎሽ! መጀመሪያ ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። የትኛውን ዓመት? ዳግማዊ አባ ጅፋር የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነው። 54 ዓመት! በዚህ መሀል ጨርቁም ቅዱም ተለዋውጧል። ከዚያ ደግሞ ማንን? ንጉሡን ነው ወይስ በታላቁ የሂርማታ ገበያ ጨው ይዞ የመጣውን ነጋዴ? ሁለቱን መጀመሪያ ወስኚ፣ ካልሆነ ከየፎቶው አንዳንድ ነገር ለቃቅመሽ ማንም ያልለበሰው ልብስ ይወጣልሻል።

ጅማ ሙዚየም ሂጂ። አንቺ እኮ በባጃጅ ትደርሻለሽ፣ ሌላው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። ፎቶ ማንሳት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቂ፣ ባይፈቀድም ደብተርና እርሳስ ያዢ። ጌጡን ተዪው፣ እሱን ሁሉም ያያል። ትከሻው የት ላይ እንደተጋጠመ፣ ጨርቁ ስንት ቦታ እንደተቀጠለ፣ ገበሩ ከምን እንደሆነ እሱን ሳዪ። ከዚያ የሰፈር አያቶች ጋ ቡና ጠጪ። ሳጥን ከፍተው የሚያሳዩሽ ነገር አይጠፋም።

«የሰፋሁት የከፈይ ካባ ቤት ውስጥ አንድ ዓይነት ነበር። ውጭ ሲወጣ ግን ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ግራጫ ሆነ። ጨርቁ ተበላሽቶ ይሆን?»

ጨርቁ ምንም አልሆነም የኔ እህት፣ የተሳሳትሽው አንቺ ነሽ። እኔም ደርሶብኛል። ከፈይ፣ ሱቅ ላይ ቬልቬት የሚሉት፣ ፀጉር አለው። በመዳፍሽ ስትዳብሺው ወደ አንዱ በኩል ይተኛል፣ ወደ ሌላው ይቆማል። ሲተኛ ነጣ ይላል፣ ሲቆም ይጠቁራል። አንዱን ወገን ሽቅብ፣ ሌላውን ቁልቁል ቀደሻል ማለት ነው።

የመጀመሪያውን የሙሽራ ካባ የሰፋሁት ሌሊት፣ በአንድ አምፖል ነበር። ጨርቁ እንዲበቃኝ ብዬ የግራውን ወገን አዙሬ ቀደድኩት። በነጋታው ሙሽራው ለፎቶ አዌቱ ዳር ፀሐይ ላይ ሲቆም ግራ ትከሻው የሌላ ሰው ካባ መሰለ። ሚዜው «ግማሹ ኪራይ ነው እንዴ?» አለ። እስከ ዛሬ ያ ፎቶ ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሏል፣ እኔም በሄድኩ ቁጥር ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የምቀመጠው።

ካልተጠለፈ ወገኑን ፍቺና እንደገና ቅደጂ። ከተጠለፈ ግን መላ የለውም፣ ማታ ማታ ይለበስ። ለሚቀጥለው፣ ከመቅደድሽ በፊት እያንዳንዱ ቁራጭ ጀርባ ላይ በሳሙና ቀስት ሳዪ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ። ስፌት መኪና ላይ ከማድረግሽም በፊት በእጅሽ ረጃጅም አድርገሽ ሸልዪው፣ ከፈይ በከፈይ ላይ ሲደረብ ይሸሻል። ካውያ ደግሞ ከውስጥ ብቻ፣ ከስር ፎጣ አንጥፈሽ።

«ባለቤቴ ካባው ላይ ዚፕ ይደረግ ይለኛል።»

አይደረግም። ዛሬ የምናውቀው ዚፕ እ.ኤ.አ. በ1917 ነው የፈጠራ ፈቃድ ያገኘው፣ ዓድዋ ካለፈ 21 ዓመት በኋላ። ከውስጥ መንጠቆ ይበቃዋል። በመኪና መስፋትሽ ግን አያሳፍርም፣ ሲንጀር የራሱን መኪና ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። የሚታየውን ጠርዝ ብቻ በእጅሽ ቀምቅሚው።

«ፊልም ላይ እንደማየው እንደ ደወል የተነፋ የድሮ አውሮፓ ቀሚስ ለምረቃዬ መስፋት እፈልጋለሁ። ጅማ ውስጥ የሚነፋውን ነገር ከየት አገኛለሁ?»

ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ። አልቀለድኩም። ቀሚሱን የሚነፋው ከስሩ የሚለበስ ክሪኖሊን የሚባል ቀለበት በቀለበት የሆነ ነገር ነው። በብረት የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1856 ፈቃድ አገኘ፣ ከዚያ በፊት ሴቶቹ የውስጥ ጉርድ በጉርድ ላይ ይደራርቡ ነበር። አንቺ በብረቱ ፈንታ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ገዝተሽ አራት አምስት ቀለበት ሥሪ፣ ከላይ ጠበብ ከታች ሰፋ እያለ ይሂድና በአቡጀዲ ጥብጣብ ከወገብሽ አንጠልጥዪው። የመጨረሻው ቀለበት ከቁርጭምጭሚትሽ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፣ ካልሆነ እግርሽ ይገባበትና መድረክ ላይ ትወድቂያለሽ። የቀሚሱን ቁመት የምትለኪው ክሪኖሊኑን ለብሰሽ ነው።

በባጃጅ ግን አትገቢም። ስትቀመጪ ከፊት ይነሳል፣ ሹፌሩ መንገዱን አያይም። ቀለበቶቹ ሲደራረቡ ጠፍጣፋ ስለሚሆኑ ይዘሽው ሂጂና እዚያው ልበሽው።

«የአያቴን በርኖስ ብል በላው፣ አጠገቡ ያለው ጋቢ ግን ደህና ነው። ለምን?»

በርኖስ ሱፍ ነው፣ የብል ትል ሱፍና ሐር ይወዳል፣ ጥጥ አይጥመውም። ላብና ቆሻሻ ይዞ አይቀመጥ። ፌስታል ውስጥም አትክተቺው፣ በጅማ ክረምት ይሻግታል። በአቡጀዲ ከረጢት አድርጊና ፀሐይ በወጣ ቁጥር አናፍሺው።

«የሰፋሁትን እጀ ጠባብ ቴሌግራም ላይ ለጥፌ አንዱ 'ታሪክ አበላሸሽ' አለኝ። ከዚያ ወዲህ ማሳየት ፈራሁ። ውስጡ ደግሞ ዝብርቅርቅ ያለ ነው።»

የቱ ጋ እንደተበላሸ ነግሮሻል? ከነገረሽ አመስግኚው፣ ካልነገረሽ እለፊው። ከፎቶው ስር ግን ራስሽ ጻፊ፦ ቅዱን ከየት እንዳየሽው፣ ጨርቁ ምን እንደሆነ፣ የቱን ከራስሽ እንደፈጠርሽው። «አንገትጌውን ፎቶው ላይ ስላልታየኝ በግምት ነው የሰፋሁት» ያለችን ሰው ማን ይሰድባል? ፎቶውን ጠዋት በረንዳ ላይ አንሺ፣ ፍላሽ አጥፊ። አንድ ከፊት፣ አንድ ከኋላ፣ አንድ ደግሞ ተገልብጦ።

ለእኔም የተገለበጠውን ላኪልኝ እንጂ። የሦስተኛው ቁልፍ ቀዳዳ መጣመሙን እንደሆነ ከፊትም አይቼዋለሁ።