የኩላሊት ሴል ላጥና ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ፔዳ ካምፓስ ባዮሎጂ ተምሬ ከተመረቅኩ ዓመት አለፈኝ። አባቴ ዲያሊሲስ ላይ ነው። የኩላሊት ሴሎችን የሚያሳድጉ ሞለኪውሎች ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። ሰው ሁሉ ግን «እዚህ አገር አይሆንም፣ አስተማሪነት ፈልጊ» ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ በቅድሚያ አባትሽን ፈጣሪ ይማርልሽ።

እነዚህ ሞለኪውሎች እንደ ማዳበሪያ አይደሉም። ስለበዙ ኩላሊት አያድግም። ፅንስ ውስጥ አንዱ የሴል ቡድን ጂዲኤንኤፍ የሚባል ፕሮቲን ያመነጫል። አጠገቡ ያለው ቱቦ መልእክቱን የሚቀበልበት ተቀባይ አለው፤ ስለዚህ ወደዚያ ያድጋል፣ ቅርንጫፍ ያወጣል። ቱቦውም በተራው ዊንት የሚባሉ ፕሮቲኖችን ይልካል። ኔፍሮን፣ ማለትም ደም የሚያጣራው የኩላሊት ጥቃቅን ክፍል፣ መሠራት የሚጀምረው ያኔ ነው። ይህ ሁሉ በ36ኛው የእርግዝና ሳምንት አካባቢ ያበቃል። ከዚያ በኋላ አዲስ ኔፍሮን የለም። በታመመ ኩላሊት ደግሞ ቲጂኤፍ ቤታ የሚባለው መልእክተኛ ሲበዛ የሚያመጣው ጠባሳ ነው። ስለዚህ «ምን ያሳድጋል?» ብቻ አትበይ። የትኛው ሴል፣ መቼ፣ ምን ያህል መልእክት ደረሰው? ሥራው እዚያ ላይ ነው።

ሴል ማሳደግ ውድ ነው፤ 37 ዲግሪ ሙቀት፣ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል። እሱን በኋላ፣ ስኮላርሺፕ ስታገኚ ትማሪዋለሽ። አሁን በላፕቶፕ ጀምሪ። ተመራማሪዎች ከኩላሊት ሴሎች ያነበቡት የጂን መረጃ በነፃ ይገኛል። አር ወይም ፓይተን የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ ተማሪና አንዷን ጥያቄ እስከ መጨረሻው ግፊያት። ፕሮፌሰሮች ከሰርተፍኬት ክምር ይልቅ ያለቀች አንዲት ሥራ ያያሉ ብዬ አምናለሁ።

ማስተማሩንም አትናቂው። ደሞዙ የኢንተርኔትሽን ይከፍላል፣ ማታሽም የራስሽ ነው።

አንድ ከባድ ነገር ልንገርሽ። ይህ ምርምር ለአባትሽ ይደርሳል ብለሽ አትጀምሪ። የእሳቸው ሕክምና በሐኪሞቻቸው እጅ ነው። ተስፋሽን እዚያ ላይ ከሰቀልሽው፣ ሙከራ በከሸፈ ቁጥር ልብሽ ይሰበራል። ሙከራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይከሽፋል።

በዚህ ሳምንት ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ሂጂ። ኢሜይል አይበቃም፣ በአካል ሂጂ። ፓቶሎጂ ክፍል ገብተሽ «ሥራ ስጡኝ» አትበይ። «ናሙና በማይክሮስኮፕ ስታዩ አጠገባችሁ ቁጭ ብዬ ልማር» በያቸው።