ጥያቄና መልስ፦ ከላቦራቶሪ ታሪክ ያልተነገረው

ስለ ሕክምናና ላቦራቶሪ ታሪክ የጠየቃችሁኝን በየተራ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «አጋር» የተባለውን፣ ባክቴሪያ የሚያድግበትን ጄሊ መሰል ነገር ለላቦራቶሪ ያበረከተው ጀርመናዊው የባክቴሪያ ተመራማሪ ኮህ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ሐሳቡ የፋኒ ሄሰ ነው። ባሏ ዋልተር ሄሰ በ1881 በርሊን ውስጥ በሮበርት ኮህ ላቦራቶሪ ይሠራ ነበር። ያኔ ባክቴሪያ የሚያድገው በጄላቲን ላይ ነው። ጄላቲን ደግሞ ሙቀት አይችልም፤ በሰው ሰውነት ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ፣ ውኃ ይሆናል። ሙቀቱን ቢቀንሱለት እንኳ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ራሳቸው ያሟሙታል። ለየብቻው የበቀለው ሁሉ ይቀላቀልና ድካሙ ከንቱ ይቀራል። ባልየው በዚህ ሲማረር የሚስቱ ጣፋጭ ጄሊ ግን በበጋ ሙቀት ቅርጹን እንደያዘ ይቆያል። ምሥጢሩን ቢጠይቃት ከባሕር አልጌ የሚወጣው አጋር ሆነ፤ ጃቫ ይኖሩ ከነበሩ ጎረቤቶች የተማረችው ነው። አጋር አንዴ ከረጋ 85 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ አይቀልጥም፤ አብዛኞቹ ባክቴሪያዎችም አይበሉትም።

ኮህ በ1882 ስለ ሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ሲጽፍ አጋርን ጠቀሰ፤ የባልና ሚስቱን ስም ግን አላነሳም። በ1887 ባክቴሪያ የሚያድግበትን ባለክዳን ሳሕን ያስተዋወቀው ፔትሪ ግን እስከ ዛሬ በየላቦራቶሪው ስሙ ይጠራል። እኔን ይህ ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ እርግዝና በእንቁራሪት ይመረመር ነበር የሚባለው ቀልድ ነው?

መልስ፦ የምር ነው። ከ1930ዎቹ እስከ 1960ዎቹ የሴትየዋ ሽንት ለሴት እንቁራሪት በመርፌ ይሰጥ ነበር። እርግዝና ካለ፣ በሽንቱ ውስጥ ያለው ሆርሞን እንቁራሪቷን በአንድ ቀን ውስጥ እንቁላል ያስጥላታል። እንቁራሪቷም ለሌላ ጊዜ ትተርፋለች።

ጥያቄ፦ ጥንቸልስ? «ጥንቸሏ ከሞተች እርግዝና አለ» ይባል ነበር አሉ።

መልስ፦ ተረት ነው። የእንቁላል ማምረቻዋን ለማየት ሆዷ ይከፈት ስለነበር፣ እርግዝና ኖረም አልኖረም ጥንቸሏ መሞቷ አይቀርም።

ጥያቄ፦ የቀዶ ሕክምና ጓንት መነሻው ታማሚውን ከኢንፌክሽን መጠበቅ ነው አይደል?

መልስ፦ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የነበረው ታሪክ ሌላ ነው። የነርስ ካሮላይን ሃምፕተን እጅ በሜርኩሪ ክሎራይድ መታጠቢያ ስለተላላጠ፣ ሐኪሙ ዊልያም ሃልስቴድ ስስ የጎማ ጓንት አሠራላት። በ1890 ተጋቡ። ለታማሚው ያለው ጥቅም ጎልቶ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ በራሱ ላይ ሞክሮ ኖቤል ያገኘ ሐኪም አለ?

መልስ፦ ቬርነር ፎርስማን በ1929 በክንዱ ደም ሥር ቀጭን ቱቦ እስከ ልቡ አስገባና፣ ቱቦው እንዳለ ወደ ራጅ ክፍል በእግሩ ሄዶ ተነሣ። ሽልማቱ የደረሰው በ1956 ነው። ባሪ ማርሻል ደግሞ በ1984 የጨጓራ ባክቴሪያ በጥብጦ ጠጣ፤ ጨጓራውም ተቆጣ። በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር ተሸለመ። ያ ባክቴሪያ በላቦራቶሪ በቅሎ የታየው በ1982 ነበር፤ በሁለት ቀን ይጣሉ የነበሩት ሳሕኖች በፋሲካ በዓል ምክንያት ሳይነኩ በመሰንበታቸው።