ቡችላዬ ምን ነካው? ጥያቄና መልስ ከእንስሳት ሐኪም ጋር

ሰላም ቤተሰብ። አዲስ አበባ ውስጥ ውሻና ድመት ሳክም አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ዛሬ እሑድ ስለሆነ እስከ ማታ እመልሳለሁ። ስትጠይቁ ዕድሜውን፣ የትኛውን ክትባት መቼ እንደወሰደና ሕመሙ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ጻፉልኝ። አደራ፣ ፓራሲታሞልም ሆነ አይቡፕሮፌን እንዳትሰጡ። የመጀመሪያው ጉበቱን፣ ሁለተኛው ጨጓራውንና ኩላሊቱን ይጎዳዋል።

የሳሪሱ፦ ዶክተር ሰላም ነው? ቡችላዬ ምግብ አልበላ አለኝ። ምን ይሻለኛል?

ሐኪሙ፦ ሰላም ወንድሜ። ዕድሜው? ክትባቱ? ያስመልሰዋል? ያስቀምጠዋል? ድዱ ሮዝ ነው ወይስ ነጥቷል? እነዚህን ጽፈህ ተመለስ።

የዳማ እናት፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዳማ አራት ወሯ ነው። ከእህትና ወንድሞቿ በግማሽ ታንሳለች። አንዳንድ ቀን ስትቦርቅ ትውላለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ ልጋጓ ይዝረበረባል፣ እንደ ሰካራም ትንገዳገዳለች፣ ግንባሯን ግድግዳው ላይ ደግፋ ዝም ብላ ትቆማለች። በነጋታው ምንም እንዳልነካት ሆና ትነሣለች። ወር አለፈው። ሦስት ቦታ ወሰድኳት፤ አንዱ ትል ነው አለኝ፣ ሌላው መርዝ፣ ሦስተኛው የሚጥል በሽታ። ከእሷ ጋር እኔም እንቅልፍ አጣሁ።

ሐኪሙ፦ አይዞሽ እህቴ። እንዲህ ዘርዝሮ የሚጽፍልኝ ሰው ሳገኝ ደስ ይለኛል።

በአገራችን ልጋጓ የሚዝረበረብና የምትንገዳገድ ቡችላ ስትመጣ መጀመሪያ የማስበው የእብድ ውሻ በሽታን ነው። እሱ ግን ምልክቱ አንዴ ከታየ አይመለስም፤ እየከፋ ሄዶ በቀናት ውስጥ ይገድላል። ዳማ ወር ሙሉ እየታመመች እየተሻላት ነው። ቢሆንም እጅሽን አፏ ውስጥ አታስገቢ። ከነከሰችሽ ወይም ልጋጓ ቁስል ላይ ካረፈ ወዲያው በሳሙናና በወራጅ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቢውና ጤና ጣቢያ ሂጂ።

አሁን ጥያቄዬ ይኸው፦ የሚይዛት ከበላች ከስንት ሰዓት በኋላ ነው? ምንስ በልታ?

ይህን መጠየቅ የለመድኩት በአንድ ቡችላ የተነሣ ነው። አምስት ወሩ ነበር፣ ከጫማ ካርቶን አይበልጥም። ሁለት ጊዜ የትል መድኃኒት ሰጥቼ ሰደድኩት፤ ተሳስቼ ነበር። በሦስተኛው የቤቱ ልጅ የሒሳብ ደብተሯን ይዛ መጣች። የመጨረሻው ገጽ ላይ በእርሳስ ጽፋለች፦ «ማክሰኞ ሥጋ በላ፣ ማታ ሰከረ። ረቡዕ ዳቦ፣ ደህና። ሐሙስ ጉበት በላ፣ ግድግዳ ገፋ። ዓርብ ዳቦ፣ ደህና።» ቤቱ ጾም አክባሪ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ስለማይገባ ውሻውም አያገኝም። ሕመሙ ጾምና ፍስክን ተከትሎ ይመላለስ ነበር ማለት ነው።

ከአንጀት የሚነሣው ደም ወደ ሌላው አካል ከመሄዱ በፊት በጉበት ውስጥ ያልፋል። ምግብ በተለይም ሥጋ ሲፈጭ የሚወጣውን አሞኒያ ጉበት ያጠራዋል። አንዳንድ ቡችላ ግን ሲወለድ ጀምሮ ጉበቱን ትቶ በአቋራጭ የሚሄድ ደም ሥር ይኖረዋል። ያልጠራው ደም አንጎል ይደርስና ቡችላው ይሰክራል። ጉበቱም የሚገባውን ደም ስለማያገኝ ይቀጭጫል፣ ቡችላውም አያድግም። ተራው የጉበት ምርመራ ደህና ሊመስል ስለሚችል ብዙ ጊዜ ይታለፋል።

አራዳው፦ ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ዘር በማርባት የመጣ ነው። የአበሻ ውሻ አጥንት ግጦ ያድጋል፣ ሐኪምም አያውቅም።

ቤቲ፦ ሐኪም ስለማያውቅ አይደል እንዴ የሚያልቀው! በሰፈራችን ክረምት ላይ ከተወለዱት ሰባት ቡችሎች መስከረም ላይ ሁለት ነበር የቀሩት።

አራዳው፦ እናቴ ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ ትሰጥ ነበር፣ አንድም አልሞተብንም።

ሐኪሙ፦ ወንድሜ፣ ሽንኩርት ነጩም ቀዩም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። ቀይ ሽንኩርት ያለበትን የወጥ ትርፍራፊም ይጨምራል። የአቋራጭ ደም ሥሩ እንደ ዮርክሻየርና ማልቲስ ባሉት ትናንሽ ዝርያዎች ይበዛል፤ ያ ማለት ግን ሌላውን አይነካም ማለት አይደለም። ክርክሩ ይብቃ።

ሀና፦ የእኔ ትንሿ ማልቲስ ሁለት ወር ተኩሏ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ትዝለፈለፋለች። እሱ ይሆን?

ሐኪሙ፦ ሰዓቱን ስለጻፍሽ አመሰግናለሁ። ሌሊቱን ሳትበላ አድራ ጠዋት ከሆነ የደሟ ስኳር ወርዶ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ማር ድዷ ላይ ቀቢና ዛሬውኑ አሳያት። ከዚያ በኋላ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ አብያት።

ካሳንቺስ፦ በፓርቮ የሞተብኝ አለ። ሌላ ቡችላ መቼ ላምጣ?

ሐኪሙ፦ ፓርቮ ቡችላን የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ ቫይረስ ነው፤ አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ወለሉን መጀመሪያ እጠበው፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ እጅ ውኃ በጥብጠህ አፍስስበትና አሥር ደቂቃ ተወው። ግቢህ አፈር ከሆነ ክትባቱን የጨረሰ ውሻ አምጣ። ክትባት የሚጀመረው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ነው፣ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ እየተደገመ ቢያንስ እስከ 16ኛው ሳምንት ይቀጥላል። አንዴ ወግቶ መተው ክትባት አይባልም።

ከዲሲ፦ ዶክተር፣ ቡችላ ከአገር ቤት ለማምጣት ምን ወረቀት ያስፈልጋል?

ሐኪሙ፦ ዛሬ ስለ ሕመም ነው የማወራው። የምትኖሩበትን አገር ባለሥልጣን ጠይቁ።

ሚሚ፦ ቡችላዬ ታሟል፣ ምን ኪኒን ልስጠው? ቤት ቴትራሳይክሊን አለ።

ሐኪሙ፦ ምኑን ነው ያመመው? ከላይ አንብቡ እንጂ ጎበዝ! ዕድሜ፣ ክትባት፣ ሰዓት። ቴትራሳይክሊን በማደግ ላይ ያለ ቡችላን ጥርስ ያበላሻል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ምንም ኪኒን አትስጪ።

የሳሪሱ፦ ዶክተር፣ ምግብ አልበላ ስላለው ቡችላ ጠይቄ ነበር...

ሐኪሙ፦ እኔም ጠይቄህ ነበር ወንድሜ። ድዱን አየኸው?

የሳሪሱ፦ አሁን አየሁት። ነጭ ነው፣ እንደ ወረቀት። ሦስት ወሩ ነው፣ ክትባት የለውም። ጆሮው ሥር መዥገር ሞልቷል።

ሐኪሙ፦ አሁኑኑ ተነሣና ተረኛ ክሊኒክ ፈልግ። መዥገርም የአንጀት ትልም ደም ይጨርሳሉ። ነገን አትጠብቅ።

የዳማ እናት፦ ዶክተር፣ ስልኬ ላይ ያሉትን ቪዲዮዎች ቀን ቀናቸውን አየሁ። ስድስት ናቸው። አራቱ ቅዳሜና እሑድ ማታ፣ ከሥጋ ቤት ቁርጥራጭ በማመጣላት ቀን። አንዱ ማክሰኞ። አንዱ ግን ዓርብ ነው።

ሐኪሙ፦ ዓርብ ምን በላች?

የዳማ እናት፦ ልጄን ጠየቅኩት። የድመቷን ሣህን ልሳለች፣ ዓሣ ነበረበት።

ሐኪሙ፦ ይህ ገና ምርመራ አይደለም፤ ግን መንገዱን አሳይቶናል። ለሐኪምሽ «የሐሞት አሲድ ምርመራ» በዪው። ሳትበላ አንድ ጊዜ ደም ይወሰዳል፣ ከዚያ በልታ ከ2 ሰዓት በኋላ ሁለተኛ ይወሰዳል። ጉበት በአቋራጭ እየታለፈ ከሆነ የሁለተኛው ቁጥር በጣም ይወጣል። ከዚያ የሆድ አልትራሳውንድ ይከተላል። ትንሽ ስለሆነች በባዶ ሆዷ ረጅም ሰዓት እንዳትቆይ፣ ልክ ሰዓቱን ሐኪሙ ይንገርሽ። ከተረጋገጠ ላክቱሎስ የሚባል አሞኒያውን የሚቀንስ ሽሮፕ አለ፣ ምግቧም ይስተካከላል። ዋናው መፍትሔ ግን ደም ሥሩን ቀስ በቀስ የሚዘጋ ቀዶ ሕክምና ነው። እስከዚያ ቀይ ሥጋ መስጠቱን አቁሚና እንቁላልና አይብ በጥቂቱ ስጪያት። ፕሮቲን ጨርሶ አትከልክያት፣ እያደገች ነው።

የዳማ እናት፦ ዛሬ ቁርጥራጩን ገዝቼ ነበር። ፍሪጅ ውስጥ ነው። ሣህኗ አጠገብ ቆማ ታየኛለች።

ሐኪሙ፦ እንቁላል ቀቅዪላት። የበላችበትን ሰዓት ጻፊ፤ ማታም ቢይዛት ባይዛት ጻፊ። ነገ ስትሄዱ ስድስቱንም ቪዲዮ ከነቀኑ ለሐኪሙ አሳዪው።